ተፈናጣጭ ስለ መባሌ የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ የረጅም ርቀት የብስክሌት ሰዓት ሙከራ ውድድር የዳኞች ኮሚቴ ሰብሳቢ፣
ባሉበት።

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንደ ውሳኔዎ የጸና፣ ጉልበትዎም እንደ ማኅተምዎ የበረታ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ባለፈው ውድድር ከታላቅ ወንድሜ ጋር በአንዲት ባለ ሁለት ኮርቻ ብስክሌት ከንጋት እስከ ምሽት፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ሙሉ፣ ከሰዓት ጋር ስንታገል ከዋልነው ሁለት ሰዎች የኋለኛዋ ነኝ። ወንድሜ የአውቶቡስ ሹፌር በመሆኑ ከፊት ተቀምጦ መሪና ፍሬን ይይዛል፤ እኔ ዕድሜዬን የስፌት መኪና ፔዳል ስረግጥ የኖርኩ በመሆኔ ከኋላ ሆኜ እረግጣለሁ። ያን ዕለት ከባለ ሁለት ኮርቻዎች ሁሉ ረጅሙን መንገድ የሄድነው እኛ ስለሆንን፣ ለመጪው ታላቅ ውድድር የሚያበቃው ፈቃድ ለእኛ ደርሷል። ፈቃዱ ግን የወጣው በወንድሜ ስም ብቻ ነው። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና ምስጋናዬን በቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ደንብዎ ከፊት ያለው ነፋሱን እየሰበረ ከኋላ ያለው በነፃ እንዳይጓዝ በማሰብ፣ ማንኛውም ተወዳዳሪ ከፊቱ ካለው ተወዳዳሪ ከአሥር ሜትር ባነሰ ርቀት እንዳይጠጋ ያዛል። ግሩም ደንብ ነው። በሞተር ሲከተሉን የዋሉት ዳኛዎም፣ እኔ ከመነሻው እስከ መድረሻው ወንድሜን በአንድ ክንድ ርቀት ተጠግቼ መጓዜንና ደጋግመው ፊሽካ ቢነፉብኝም ለመራቅ ፈቃደኛ አለመሆኔን ጽፈው ከሰውኛል። እውነታቸውን ነው፤ አልራቅኩም። ቁልቁለት ላይ እንኳ ልቀድመው አልሞከርኩም። ከእንግዲህ ግን ሕግ አክባሪ ለመሆን ቆርጬ፣ በሁለቱ ኮርቻዎች መካከል አሥር ሜትር ብረት እንዲቀጥልልኝ የሰፈራችንን በያጅ ጠይቄዋለሁ። ብረቱ አያቅተኝም ብሏል። ያሳሰበው ወንድሜ መንታ መንገድ ላይ ታጥፎ ከዓይኔ ሲሰወር እኔ ገና ወደ ቀድሞው አቅጣጫ እየሄድኩ መሆኔ ነው፤ ለዚህ የሚሆን አንቀጽ ካለዎት እንዲልኩለት በትሕትና ይጠይቃል።

ሁለተኛ፤ ይግባኝ ባልኩ ጊዜ የለገሱኝን አባታዊ ምክር መቼም አልረሳውም። ተወዳዳሪ ነኝ ካልኩ ደንብ ጥሻለሁና ሁለታችንም እንደምንሰረዝ፣ ተወዳዳሪ ሳልሆን ተፈናጣጭ ነበርኩ ብዬ ከፈረምኩ ግን ቢያንስ የወንድሜ ውጤት እንደሚተርፍ አስረዱኝ። ፈረምኩ። ወንድሜ ከአውቶቡሱ በወረደ ቁጥር፣ ሌላው ሰው አረፍ በሚልበት ሰዓት ሲለማመድ የኖረ ሰው ነው፤ ልፋቱን በእኔ እልህ የተነሣ ውሃ እንዲበላው አልፈለግሁም። ስፈርም አዝኛለሁም፣ ተናድጃለሁም። ይህችን አንዷን ዓረፍተ ነገር ያለ ቀልድ እንዲያነቡልኝ እለምናለሁ።

ተፈናጣጭ እንግዲህ በምናውቀው አማርኛ ሌላው በሚጋልበው ፈረስ ላይ ከኋላ ጉብ ብሎ፣ የጋላቢውን ወገብ ይዞ፣ አገር እያየ የሚሄድ ሰው ነው። በዚህች ብስክሌት ላይ ግን የፊቱና የኋላው ፔዳል በአንድ ሰንሰለት የተሳሰሩ ናቸው። የእሱ እግር ሲዞር የእኔም ይዞራል፤ እኔ ባቆም እሱም ይቆማል። ከውድድሩ በኋላ ጉልበቴ አብጦ ደረጃ ለመውጣት ሰው ሲደግፈኝ የከረመው፣ በአዲሱ ትርጉምዎ መሠረት፣ አገር በማየት ብዛት መሆኑን ተረድቻለሁ። በኋላ የመጣ ዓይን አወጣ ሲባል ሰምቼ ነው ያደግሁት፤ በኋላ የተቀመጠ ከሰው አይቆጠርም ሲባል ግን ከእርስዎ መስማቴ ነው።

ሦስተኛ፤ በሽልማቱ ሥነ ሥርዓት ላይ ወንድሜን "ከነተፈናጣጩ" ብለው ስለጠሩልኝ አመሰግናለሁ። ወንድሜ ንግግር የማይሆንለት ሰው ነው። በመጨረሻው ዳገት ላይ ትንፋሹ ሊያልቅ ሲል እንኳ ያወጣው ቃል አንድ ብቻ ነበር፤ ዞር ሳይል "ወራጅ አለ?" አለኝ። እኔም መልሱን በእግሬ ሰጠሁት። ያን ቀን ግን ማይክሮፎኑን ከእጅዎ ተቀብሎ፣ "እኔ ተሳፋሪ ሳመላልስ የኖርኩ ሰው ነኝ። ዳገት ላይ ወርዶ የገፋልኝ ተሳፋሪ እንኳ እስከ ዛሬ አልገጠመኝም። ይቺ ሳትወርድ ነው የገፋችኝ" አለና ወደ ቦታው ተመለሰ። እርስዎም ተናጋሪው ከድካሙ ገና እንዳላገገመ ለተሰብሳቢው በማብራራት ክብሩን ስለጠበቁለት ቤተሰባችን ውለታዎን አይዘነጋም።

ከፍ ባለ አክብሮትና ዝቅ ባለ ኮርቻ፣ ምንጊዜም ከኋላ፣ ምንጊዜም ከአሥር ሜትር ባነሰ ርቀት የማልጠፋዋ፣

በፊርማዬና በማኅተምዎ የተረጋገጥኩ ተፈናጣጭ

ማስታወሻ፦ ወንድሜ ፈቃዱን ይዞ ለታላቁ ውድድር ተመዝግቧል። እኔ ፈቃድ ስለሌለኝ የኋላው ኮርቻ ባዶ ነው። በውሳኔዎ መሠረት እዚያ የሚቀመጥ ሰው የሚሠራው ሥራ ስለሌለ ልምምድም ሆነ ጉልበት አያስፈልገውም፤ ስለዚህ ቦታው ለእርስዎ እንዲሰጥ እኔና ወንድሜ በአንድ ድምፅ ወስነናል። ልክዎን በዐይኔ ገምቼ ወፈር ያለ ስፖንጅ ያለው ቁምጣ ሰፍቼልዎታለሁ። መንገዱ ዳገት ይበዛዋል ይባላል፤ እሱ ግን እርስዎን አይመለከትም። ይኸው ፈረሱ፣ ይኸው ሜዳው፤ መፈናጠጥ ብቻ ነው።