ድምፁን የማያሰማው አምበል

እሑድ፣ ኅዳር 9 ቀን፣ መተማ

ልጄ ታከለ ለክለቡ አምበል ሆኖ ለመጀመሪያ ጊዜ የተጫወተው ዛሬ ነው። ይችለው ይሆን እያልሁ ሳምንቱን ሙሉ ስሰጋ ከርሜ፣ በሐጂ ኢድሪስ ሱቅ ቴሌቪዥን አየሁት።

ሰሊጥ በማሳጭድበት ዘመን ድምፄ ከማሳው ዳር እስከ ዳር ይሰማ ነበር። አለቃ ማለት እንዲያ ነው። ታከለ ግን አንድ ጊዜም አልጮኸ። ሐጂ «አያ ደሴ፣ ልጅዎ ምላሱን እርስዎ ዘንድ ትቶት ሄደ እንዴ?» ብለው ሰዉን አሳቁብኝ።

በግራ ተከላካዩ ስሕተት ግብ ገባብን። ተከላካዩ ከዚያ ወዲያ ኳስ መንካት ፈራ። «ተቆጣው እንጂ!» አልሁ። ታከለ ዝም ብሎ ወደ ግራ ተጠጋና የሰውዬውን ሥራ ከራሱ ጋር ደርቦ ይሠራለት ጀመር። እኔም ደካማ አጫጅ ሲገጥመኝ መስመሩ ውስጥ ገብቼ ግማሹን አጭድለት ነበር፤ እየሰደብሁት። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል አቻ ያደረገንን ኳስ ያሻገረው ያው ተከላካይ ነው።

ማታ ታከለ ደወለ። «አባባ፣ እንዴት ነበርሁ?»

«ድምፅህ አነሰ» አልሁት። አሁንም አንሷል እላለሁ።

የአቻነቱ ግብ ሲገባ ከሁሉ ቀድሜ ብድግ ብዬ ያጨበጨብሁት ግን እኔ ነኝ። ለታከለ እንዳይነግሩት ሐጂን አስምያቸዋለሁ።