የወይዘሮ ሽታዬ ፉፋ የሕይወት ታሪክ፣ በባላቸው ታሪክ ላይ ከተደረገ እርማት ጋር

ወይዘሮ ሽታዬ ፉፋ ከአባታቸው ከአቶ ፉፋ ጉተማና ከእናታቸው ከወይዘሮ ዘርፉ ወልደየስ በ1881 ዓ.ም. ሞጆ ተወለዱ። አባታቸው ስመ ጥር ኮርቻ ሰፊ ስለነበሩ ያደጉት ቆዳ መሐል ነው። ወንድሞቻቸው ፊደል ሲቆጥሩ እሳቸው ጠፍር ይገምዱ ነበር። አባታቸው «ኮርቻ ከላላ ይጥላል፣ ከጠበቀ ይልጣል» እያሉ ያስተማሯቸውን ዕድሜ ልካቸውን አልረሱም።

በ1901 ዓ.ም. ከአቶ መርዳሳ ዋቅጅራ ጋር ተጋብተው አራት ልጆች ወለዱ፤ ሁለቱ በሕፃንነታቸው አረፉ። አቶ መርዳሳ በባቡር ሐዲድ ሥራ የብረት ሙያ ተምረው ስለነበር ባልና ሚስቱ ወደ አዳማ መጥተው ከጣቢያው አጠገብ የብረት መሥሪያ ከፈቱ።

በ1917 ዓ.ም. አንድ የውጭ አገር ነጋዴ ሞተር ብስክሌት አስመጣ። መልእክተኛው ጆቴ ወደ አቦምሳ በሄደ ቁጥር የፊት ጎማውን የሚይዙት ብረቶች ይሰበሩ ነበር። ነጋዴው ለጥገና ወደ አቶ መርዳሳ ላከው። አቶ መርዳሳ ብረቱን አወፈሩት፤ ተሰበረ። ሞላ ጨመሩለት፤ ብረቱ ተረፈ፣ ሞላው ግን ሽቅብ እያነጠረ ጆቴን ጣለውና የትከሻውን አጥንት ሰበረው። በዚህ ጊዜ ወይዘሮ ሽታዬ የበሬ ቆዳ ክብ ክብ አድርገው ቆርጠው፣ ቅባት አጠጥተው፣ በብረቶቹ መጋጠሚያ መሐል አስገብተው አጠበቁት። ሞላው ሊነጥር ሲል ቆዳው ያዝ ያደርገዋል። ጆቴ ትከሻው ከዳነ በኋላ አቦምሳ ደርሶ ሳይወድቅ ተመለሰ። ቆዳውን ሲቆርጡ ጆቴ አይቷል፤ እኔም አይቻለሁ።

ነጋዴው ሐሳቡ የራሱ እንደሆነ እስከ ቢሾፍቱ ድረስ አወራ። አቶ መርዳሳ ተቆጥተው ሽማግሌ ሰበሰቡ። ወይዘሮ ሽታዬ ለምስክርነት ቀርበው «ፈረንጁ ነው የሠራው?» ተብለው ተጠየቁ። «አይደለም» አሉ። ይበቃል ተባሉ። ማን እንዳልሠራው ተጠየቁ እንጂ ማን እንደሠራው የጠየቃቸው የለም። ጆቴም ያየውን አልመሰከረም። ለአቶ መርዳሳ ተፈረደ፤ ሞተሩም በአገሩ ሁሉ «የመርዳሳ ሞተር» ተባለ። ሙት ወቃሽ አያድርገኝ እንጂ፣ ስሜን ተቀማሁ ብለው አገር የሰበሰቡት ሰው የሚስታቸውን ስም ሲቀሙ አላፈሩም።

አቶ መርዳሳ በ1922 ዓ.ም. ሲያርፉ የሕይወት ታሪካቸውን ጽፌ በቀብራቸው ላይ ያነበብኩት እኔ፣ የወይዘሮ ሽታዬ የእህት ልጅ ወዬሳ ነኝ። ሞተሩን «በራሳቸው ጥበብ» እንዳበጁት ጻፍኩ። ሰው አለቀሰ፤ እኔም ተመሰገንኩ። በሠልስቱ ወይዘሮ ሽታዬ ወረቀቱን እንደገና እንዳነብላቸው ጠየቁኝ። እስከ መጨረሻው ሰሙና «አጻጻፍህ መልካም ነው፤ ቆዳው ግን የኔ ነው። የኔን ስትጽፍ አስተካክለው» አሉኝ።

በሙት ዓመቱ ማስተካከል እችል ነበር። የቤተ ዘመዱን ፊት ፈርቼ ተውኩት። እሳቸውም ዳግመኛ አላነሡብኝም፤ ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ወይዘሮ ሽታዬ ካለፈው መስከረም ጀምሮ በንዳድ ሲሠቃዩ ቆይተው ኅዳር 9 ቀን 1925 ዓ.ም. በተወለዱ በ44 ዓመታቸው አርፈዋል። በሕመማቸው ጊዜ ልጠይቃቸው እየሄድኩ አልጋቸው አጠገብ ስለ ዝናብ ስናወራ እንውል ነበር። ልጆቻቸው ገርባና ቡዜ በሕይወት አሉ። ቡዜ የእናቷን የቆዳ መቁረጫ ወርሳለች።

እንግዲህ በታዘዝኩት መሠረት አስተካክያለሁ፤ የሰማ ላልሰማ ይንገር፤ እሳቸው ግን አይሰሙኝም። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍ፤ እኛ ሳንጠይቃቸው የቀረነውንም እርሱ ይጠይቃቸው።