ያልያዘው መጋጠሚያ

ሰኞ
ለሙከራ ያጋጠምሁት ናሙና ስሰብረው ኮላው ላይ ለቀቀ። በደንብ የተጋጠመ ኮምፔርሳቶ ሲሰበር እንጨቱ ነው መቀደድ ያለበት፤ ይኼ ግን እንደ ደብተር ገጽ ተከፈተ። የአውሮፕላናችንን የቀኝ ክንፍ ልባስ ያጋጠምሁት በዚያው ቀን፣ በዚያው እጅ ነው። ስድስት መጋጠሚያ። ሁሉም ክንፉ ላይ ተለጥፏል። ናሙናውን ያኔውኑ መስበር ነበረብኝ።
ለባሌ ለይርጋ አልነገርሁትም። አውሮፕላኗን አብረን ነው የምንሠራት፤ እንጨቱ የኔ፣ ሞተሩና መብረሩ የሱ። ከፋብሪካ ሲመለስ እያፏጨ ገባ።

ማክሰኞ
ኮሌጅ የእንጨት ሥራ አስተምሬ እንደወጣሁ ሐይቁ ዳር ወደ ሐጂ ሰይድ ሄድሁ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ጀልባ ሲሠሩ የኖሩ ናቸው። ስብርባሪውን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። ኮላው እስኪደርቅ እንጨቱን የጨመቅሁበትን ሞርሳ ምን ያህል እንዳጠበቅሁት ጠየቁኝ። አቅሜ እስከቻለ፣ አልኋቸው።
«ፈርተሽ አጥብቀሽዋል፣ ልጄ። ኮላው ተጨምቆ ወጥቷል፤ የቀረው ደረቅ እንጨት ነው።»
ማን እንደሚበርበትም ጠየቁኝ። ባሌ ስላቸው ስብርባሪውን መልሰው እጄ ላይ አኖሩት።

ረቡዕ
ምሳ ላይ ነገርሁት። በላዩ ሌላ ብንደርብበትስ አለኝ። አዎ ማለት እችል ነበር። ሁለት ወር የለፋንበት ነው።
«ውስጡ መያዙን አላውቅም፤ መፍረስ አለበት» አልሁት።
ምሳውን ሳይጨርስ ተነሥቶ ወጣ። በዘንዘልማ መንገድ በእግሩ ሲሄድ አየሁት። የተመለሰው ሲመሽ ነው።

ሐሙስ
ጠዋት መጋዙን ይዞ ክንፉ አጠገብ ቆሞ አገኘሁት። ቆረጥን። አንደኛው መጋጠሚያ ጠንካራ ነበር፤ እንጨቱ ተቀደደ። ሁለተኛውም እንደዚያው። ይርጋ ቀና ብሎ አየኝ። ፊቴ ጋለ፤ በከንቱ አስፈርሼው ይሆን? ሦስተኛው በቢላ ጫፍ ተላቀቀ። አራተኛውም። መጋዙን አስቀምጦ መሬት ላይ ቁጭ አለ። እኔም አጠገቡ።

ዓርብ
እንደገና፣ ስድስቱንም። የሁለት ሁለቱን የኮምፔርሳቶ ሉኮች ጫፍ በመላጊያ አጋድሜ ላግሁ፤ የተዳፋቱ ርዝመት የውፍረቱን አሥራ ሁለት እጥፍ። ኮላ በሁለቱም ፊት። እንጨቱ እስኪጠጣ ጠበቅሁ፣ ደግሜ ቀባሁ፣ አነባበርሁ። ሞርሳውን ያዞርሁት ኮላው በጠርዙ ብቅ እስኪል ብቻ ነው። ከዚያው ኮላ ናሙናም አጋጠምሁ።

እሑድ
ናሙናውን ይርጋ ራሱ ሰበረው። አንድ ጊዜ ሞክሮ አቃተው፤ ጉልበቱ ላይ አድርጎ ደገመው። እንጨቱ ተሰነጣጠረ፤ ኮላው ያዘ። ስብርባሪውን ሰጠኝና ትከሻዬን ነካ አድርጎ ወጣ።
ደስ ይለኛል ብዬ ነበር፤ ደስም አለኝ። ግን ፈራሁ። እስከ ዛሬ እንጨት ነበር የማጋጥመው። አሁን ይርጋ በእርግጥ ሊበርበት ነው።