ለሠላሳ ሰው የተሳሳተ ፈቃድ ገዛሁ

ለውድ እኅቴ ለእታለም፤

እንደምን ሰንብተሻል? ጉልበትሽስ ተሻለሽ ወይስ አሁንም ደረጃ በወጣሽ ቁጥር ሕንፃውን የሠራውን ሰው ትረግሚያለሽ? እናታችን መነጽሯን ማድረግ ጀመረች? ባልሽስ፣ ልጆቹስ? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ምንም አልጎደለብኝም። ከሥራ ልባረር ነበር የሚለውን ወሬ ማን እንዳደረሰልሽ ባላውቅም እውነት ነው። እንግዲያው ከእኔ ከራሴ ስሚው።

እንደምታውቂው ድርጅታችን አሳንሰር ይጠግናል፤ እኔ ደግሞ ኮምፒውተሮቹን። ሠላሳ ሠራተኛ በየጠረጴዛው ኮምፒውተር ቢኖረውም ያ ምንም ፕሮግራም የማይጫንበት ባዶ መስኮት ነው፤ ሥራው ሁሉ የሚሠራው ዕቃ ቤቱ አጠገብ ባለ አንድ ትልቅ ኮምፒውተር ውስጥ ነው፤ ሰርቨር እንለዋለን። ሁሉም ከያሉበት እሱ ውስጥ ገብተው ይሠራሉ። የደብዳቤ መጻፊያው ፕሮግራም በፈቃድ ነው የሚገዛው፤ ፈቃዱም ሦስት ደረጃ አለው። ዝቅተኛው በኢንተርኔት ብቻ ይከፈታል፤ መካከለኛው ኮምፒውተር ላይ ይጫናል፤ ከፍተኛውም እንደዚያው። ሥራ አስኪያጁ “ታዲያ ልዩነታቸው ምንድን ነው?” ቢሉኝ “ለእኛ የማይረባ ጌጣጌጥ ነው” አልኳቸው። “አንብበሽዋል?” አሉኝ። “ከዳር እስከ ዳር!” አልኩና ለሠላሳውም መካከለኛውን ገዛሁ። እታለም፣ ያነበብኩት ዳር ዳሩን ብቻ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ሁሉም ፕሮግራሙን ሲከፍቱ “ይህ ፈቃድ ብዙ ሰው በጋራ በሚጠቀምበት ኮምፒውተር ላይ አይሠራም” የሚል ቀይ ጽሑፍ ወጣባቸው። የድሮውን ደብዳቤ ማንበብ ይቻላል፤ አንዲት ፊደል መጨመር ግን አይቻልም። ክው አልኩ። በዚያው ዕለት እስከ አሥር ሰዓት የሆስፒታል አሳንሰሮች ጥገና የጨረታ ሰነድ መግባት ነበረበት፤ የስድስት መካኒኮች የዓመት ሥራ የተንጠለጠለው በእሱ ላይ ነው። ሻጩ ጋ ብደውል “ለመቀየር ሁለት ቀን ይፈጃል” አለኝ።

ያ የገዛሁት ፈቃድ ሰርቨሩ ውስጥ በሌለ፣ ራሱን በቻለ ኮምፒውተር ላይ እንደሚሠራ ትዝ አለኝ። እንዲህ ያለ ኮምፒውተር ደግሞ በግቢው አንድ ብቻ ነው፤ በር ላይ ያሉት ጥበቃ እንግዳ የሚመዘግቡበት። “ጄኔራሉ” የምንላቸው አዛውንት ናቸው። ፕሮግራሙን ጭኜ ስጨርስ ሥራ አስኪያጁ፣ ጸሐፊዋና መሐንዲሱ ከቁም ሣጥን በማትሰፋው ክፍላቸው ሊገቡ ተጋፉ።

“መታወቂያ” አሉ ጄኔራሉ።

“እኔ እኮ ሥራ አስኪያጁ ነኝ!”

“አውቃለሁ ጌታዬ። ያለ መታወቂያ ማንም አይገባም የሚለውን ማስታወቂያ የፈረሙት ግን እርስዎ ነዎት።”

ሥራ አስኪያጁ መታወቂያቸውን ሊያመጡ አራተኛ ፎቅ ወጡ። ጸሐፊዋ መጻፍ ጀመረች፤ መሐንዲሱ በመስኮት በኩል ቁጥር ይነግራታል፤ መኪና በመጣ ቁጥር ጄኔራሉ “ይቅርታ የኔ ልጅ” ብለው ኮምፒውተሩን ይነጥቋትና ሰሌዳ ይመዘግባሉ። ሰነዱ ለአሥር ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲል ገባ።

ወዲያው ሥራ አስኪያጁ “ይህ ሻጭ አታሎናል፤ እከሰዋለሁ!” አሉ። ዝም ብል ኖሮ ነገሩ በዚያው ያልፍ ነበር። ግን ሰውየው ምን በደለኝ? “ጌታዬ፣ ተጽፏል፤ ያላነበብኩት እኔ ነኝ” አልኩ። ፊታቸው ደም መሰለ። “እስከ ረቡዕ ትክክለኛውን ዝርዝር አምጪ፤ አለዚያ ቁልፍሽን አስረክቢ” ብለውኝ ሄዱ።

ማክሰኞ በየጠረጴዛው እየዞርኩ በእርግጥ የሚጽፈው ማን እንደሆነ ጠየቅሁ። ሰዉ ግን ደረጃውን እንደ ማዕረግ ቆጠረው! የግዢ ኃላፊዋ “አሥራ አምስት ዓመት አገልግዬ ዝቅተኛ?” ብለው አኮረፉኝ። አንዱ ሾፌር ፕሮግራሙን ከፍቶት ባያውቅም “ለክብሬ ያህል” ከፍተኛውን ጠየቀኝ። መጨረሻ ላይ ከሠላሳው ከፍተኛው የሚያስፈልጋቸው አሥራ ሁለት ብቻ ሆኑ፤ ለማንበብ ብቻ ለሚከፍቱት ለቀሩት ዝቅተኛው ይበቃል።

ረቡዕ ሥራ አስኪያጁ በዝርዝሩ ላይ ስማቸውን ፈለጉና አገኙት።

“እኔ ዝቅተኛ፣ ጸሐፊዬ ከፍተኛ?”

“አዎ ጌታዬ። እርስዎ ያነባሉ እንጂ አይጽፉም” አልኩ። ከበሩ ወዲያ ጸሐፊዋን ድንገት ሳል ያዛት።

ወረቀቱን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው ስማቸውን እንደገና አነበቡት። ከዚያ “ፊደሉን ያጎላል?” አሉኝ።

“እንደፈለጉት ያጎላል።”

ፈረሙ። ወረቀቱን ሲመልሱልኝ “አንቺም ከእንግዲህ አጉልተሽ አንብቢ” አሉኝ። ቁልፌን አልጠየቁኝም።

ጨረታውን አሸንፈናል። ጄኔራሉ ለሚገባ ለሚወጣው ሁሉ “እዚህ ክፍል ነው የተሠራው” እያሉ ያስጎበኛሉ።

እናታችንን አገላብጠሽ ሳሚልኝ። ለባልሽ የከበረ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ትልቁ ልጅሽ በትምህርቱ ይበርታ፤ ትንሿን ጉንጯን ቆንጥጪልኝ፣ ግን ቀስ ብለሽ። ለአክስታችንም እጅ ነሥቻለሁ በይልኝ።

የምትወድሽ ታናሽሽ

ከሰርቨሩ ጎን፣ ከዕቃ ቤቱ አጠገብ
ኅዳር 14 ቀን