ለእሑዱ የሴቶች ራግቢ ማጣሪያ ስለተጠየቀው የእድር ድንኳን

ለተከበሩ አቶ ብርሃነ መስቀል፣
በደብረ ብርሃን የሴቶች ራግቢ ማጣሪያ አዘጋጅ ኮሚቴ ሰብሳቢና የቡድኑ አሰልጣኝ፣

በእኛ ቤት የጎደለው ጤና በእርስዎ ቤት ሞልቶ ይትረፍረፍ እያልኩ የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ።

እሑድ ከውጭ አገር ቡድኖች ጋር ከሚደረገው ማጣሪያ በኋላ ለሚያዘጋጁት የድል ግብዣ የእድራችንን ድንኳን እንድናውስዎ ስለጠየቁን ክብር ተሰምቶኛል። የድንኳኑ ጠባቂ እኔ ነኝ፤ በቡድንዎ ውስጥ በሩጫ የሚስተካከላት የለም የምትባለው የምስራቅ አክስትም እኔው ነኝ። ስለዚህ ሁለቱንም ጉዳይ ባንድ ላይ ልጻፍልዎ።

አንደኛ፣ ባለፈው ወር ምስራቅ በልምምድ ላይ ከጓደኛዋ ጋር ራስ ለራስ ተጋጭታ ስትወድቅ፣ ፊቷ ላይ ውሃ አስረጭተው ወዲያው ወደ ሜዳ ስለመለሷት ምስጋናዬ ይድረስዎ። የደጋ ልጅ ጭንቅላት አይበገርም ማለትዎንም ሰምቻለሁ። በሳምንቱ ደግማ ወደቀች።

ሁለተኛ፣ ያከማት ሐኪም እስኪሻላት ድረስ ኳስ እንዳትነካ ቢያዝ፣ ሐኪም ስለ ራግቢ ምን ያውቃል ብለው ስላረጋጉን እናመሰግናለን። እውነትዎን ነው፤ እሱ የሚያውቀው ስለ ጭንቅላት ብቻ ነው።

አሁን ብርሃን ዓይኗን ስለሚወጋት መስኮት ዘግታ ትውላለች። ማክሰኞ ወደ ጫጫ ብልካት በተቃራኒው አቅጣጫ ደብረ ሲና መንገድ ዳር ቆማ ተገኘች፤ ለምን እንደሄደች አታውቅም። ጠዋት ስትነሳ ውድድሩ አለፈ ወይ ትለኛለች፤ ገና ነው እላታለሁ፤ ፊቷን ታጥባ ተመልሳ ያንኑ ትጠይቀኛለች። እፈራለሁ፣ አቶ ብርሃነ መስቀል።

ሦስተኛ፣ የውድድሩ ሐኪም ሲመረምራት ምንም አላመመኝም እንድትል ስላስጠኗት ትጋትዎን አደንቃለሁ። ትናንት ምን በይ እንዳሏት ጠይቄያት ነበር፤ መልሱን ረስታዋለች።

እኔ ደጅ ብዘጋባት እርስዎ መኪና ይልካሉ፤ እሷም ማልያውን ካየች እኔን አትሰማም። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፣ እሑድ እንዳያሰልፏት እርስዎን እለምናለሁ። ማጣሪያ ለከርሞም ይመጣል።

የማጣሪያውን ዋንጫ ታቅፈው የሚነሱትን ፎቶግራፍ በጉጉት የምትጠብቅ፣ ምንጊዜም ታዛዥዎ፣

አሰገደች ወልደሩፋኤል
የእድሩ ድንኳን ጠባቂ

ማሳሰቢያ፦ ድንኳኑ ቅዳሜ ይተከልልዎታል። እንደሚያውቁት እድራችን ያለው አንድ ድንኳን ነው፤ ለደስታም ለለቅሶም የምንተክለው እሱኑ ነው። ምስራቅን ካሰለፏት ግን ከግብዣው በኋላ እንዳያስነቅሉት አደራ፤ እኛም እንፈልገው ይሆናል።