ሾላው ሥር ያዩኝ ጊዜ

ጥቅምት 4፣ 2011፣ እሁድ

ጭጋጉ ከሁሉቃ ወንዝ ላይ ሳይነሳ ወጣሁ። ሣሩ እርጥብ፣ ጫማዬ ውሃ በውሃ። ሾላው አፍርቷል፤ ስለዚህ ይመጣሉ ብዬ ነበር። መጡ። ሁለት ናቸው። ሲቀመጡ አረንጓዴ ስለሆኑ ከቅጠሉ አይለዩም። ሲበሩ ግን የክንፋቸው ውስጥ ቀይ ነው... እንዴት ያለ ቀይ! ስማቸውን እስከ ዛሬ አላውቅም። ለማወቅም ብዙ አልጓጓሁ።

ወንድሜ የሰጠኝን የርቀት መነጽር ከዓይኔ ሳላወርድ ሰዓቱ ሄደ። ኳየር ልምምድ ላይ በጭቃ ጫማ ደረስኩ። ጊፍቲ እግሬን አይታ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት፤ እኔም ከሷ ጋር።

ጥቅምት 8፣ ሐሙስ

መዝገብ ቤት ዋልኩ። አለቃዬ ደጋግሞ ቢጠራኝም አልሰማሁትም። እዚያ ነበርኩ፣ ወንዙ ዳር።

እዚያ ስቆም የሚሰማኝ ነገር ስዘምር ከሚሰማኝ ጋር አንድ ነው። አንዳንዴም ይበልጣል። ኃጢአት ይሆን? ማንን ይጠይቁታል ይሄን?

ጥቅምት 12፣ ሰኞ

ጉድ ፈላ።

ኦቦ ጀቤሳ ከቢሮ ስወጣ በር ላይ ጠበቁኝ። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ናቸው፤ በሕፃንነቴ አቅፈው የጸለዩልኝ። ሾላውን እሳቸው ኦዳ ነው የሚሉት። ትናንት ማለዳ ኦዳው ሥር ታይተሻል አሉኝ። ብቻሽን፣ ቀና ብለሽ፣ ሁለት እጅሽን ወደ ላይ አንስተሽ። ግንዱም ቅቤ ተቀብቶ ነበር አሉ።

ቅቤውን የቀቡት የድሮውን ሥርዓት የያዙ ሰዎች ናቸው። እኔ እጄን ያነሳሁት መነጽሩን ልይዝ ነው። ወፍ ነው የማየው አልኳቸው።

«ቢሊሴ ልጄ፣ የሚበላ ወፍ ነው?» አሉኝ።

አይደለም አልኩ።

«ታዲያ ለማይበላ ወፍ ማን ከመኝታው ይነሳል?»

ሳቄ መጥቶ ነበር... ፊታቸውን ሳየው ጠፋ። ተጨንቀዋል። እስኪጣራ ድረስ አትዘምሪም አሉኝ። ወደ ኳየር የምመለሰው ሁለተኛ እዚያ እንደማልሄድ ጉባኤው ፊት ቆሜ ከተናገርኩ ነው።

ጥቅምት 13

እማዬ ሰምታለች። ትቆጣለች ብዬ ነበር፣ አልተቆጣችም። ፈራች። እሱ ባሰ።

እናቷ ያንን ዛፍ ቅቤ ትቀባ ነበር ለካ። እማዬ ጌታን ስትቀበል በዚሁ ተጣሉ። ሳይታረቁ አያቴ ሞተች። ከዚያ ወዲህ እማዬ በዛፉ ጥላ እንኳ አታልፍም፤ ገበያ ስትሄድ በላይኛው መንገድ ትዞራለች። እኔ ጭቃውን ሸሽታ ይመስለኝ ነበር።

«እኔ በስንት ለቅሶ የወጣሁበት ቦታ አንቺ ምን ፈልገሽ ገባሽ?» አለችኝ።

ወፍ የሚለው መልስ አፌ ውስጥ አነሰብኝ።

ጥቅምት 25፣ እሁድ

ዛሬም ወደ ወንዙ አልሄድኩም። የኋላ ወንበር ተቀምጬ ሌሎቹ ሲዘምሩ ሰማሁ። አፌን አንቀሳቅሳለሁ፣ ልቤ የለም። ከወፎቹ ስርቅ ወደ ጌታ እቀርባለሁ ብዬ ነበር... ከሁለቱም ራቅሁ። ሌሊት በሕልሜ ቀይ ክንፍ ጣሪያችንን አልፎ ሲሄድ አየሁ። ድምፅ የለውም። ሳልነቃ በቆየሁ።

ኅዳር 1፣ ቅዳሜ

እማዬ ሳትበላ ቀርታ ስታየኝ አመሸች። «ነገ ውሰጂኝ። የምታዪውን ልየው» አለች።

ኅዳር 2፣ እሁድ

ወሰድኳት። ፀሐይ ወጥታ የሾላው ጥላ እስከ መንገዱ ተኝቷል። እማዬ ጥላው ጋ ስትደርስ ቀጥ ብላ ቆመች። አልገባም አለች። እሺ አልኳት፣ ከዚህም ይታያል። መነጽሩን ገልብጣ ያዘችው፤ ዛፉ ሸሸብኝ ብላ ሳቀች። ስትስቅ ካየኋት ስንት ጊዜዬ ነው?

ቆምን። ምንም የለም። የውሃው ድምፅ ብቻ። ዛሬ ባይመጡ ምን እላታለሁ እያልኩ ሳስብ አንዱ ከቅጠሉ ወጣ። ክንፉን ዘረጋ።

«ያ ጎፍታ...» አለች። ቤት ስትጸልይም ጌታን እንዲሁ ነው የምትጠራው። ወፉ ማዶ እስኪሻገር በመነጽሩ ተከተለችው። ጉንጯ ረጥቧል። እግሯን አየሁ... ስትከተለው ጥላው ውስጥ ገብታለች። አልነገርኳትም።

ኅዳር 9፣ እሁድ

ዛሬ ጉባኤው ፊት ጠሩኝ። ተነሳሁ። ወደዚያ መሄድ አልተውም ልል ነበር። ኳየሩን እስከ መጨረሻው ላጣው ነው... እነ ጊፍቲን ማየት አቃተኝ።

አፌን ሳልከፍት እማዬ ከሴቶቹ መካከል ተነሳች። እኔም እዚያ ነበርኩ አለች። እሷና ያ ዛፍ ምን እንደሆኑ የማያውቅ የለም።

ኦቦ ጀቤሳ ወደ እሷ ዞሩ። «ደብሪቱ፣ ምን አየሽ?»

«ወፍ» አለች። «ከዚያ ጌታን ጠራሁት። እዚያ ቦታ ስሙን ስጠራ የመጀመሪያዬ ነው። እስከዛሬ እዚያ የሌለ ይመስለኝ ነበር።»

ኦቦ ጀቤሳ መነጽራቸውን አውልቀው በጋቢያቸው ጠርዝ ሲጠርጉ ቆዩ። ከዚያ በእጃቸው ወደ ኳየሩ አመለከቱኝ። ጊፍቲ ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችልኝ። ምን እንደዘመርን አላስታውስም።

ማታ እማዬ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች። ሳልጠይቃት ስለ እናቷ ስታወራ ዛሬ የመጀመሪያዋ ነው። አያቴ ኡርጌ ስትዘፍን ወንዙ ማዶ ድረስ ይሰማ ነበር አለች።

«ድምፅሽን ከሷ ነው የወሰድሽው» አለችኝ።