አየር ብቻ የሚፈልግ ሞተር

ቅዳሜ፣ ጁላይ 6

«የኮምቢ ሞተር አየር ብቻ ነው የሚፈልገው።» የእህቴ ባል ቫልዲር ነው፤ ጠዋት በአጥር ላይ ለጎረቤት ሲያስረዳ ሰማሁት። ውሃ የለው፣ ራዲያተር የለው... አየር ብቻ። ደስ አለኝ። ከተማችን ሌላው ሁሉ ቢያልቅባት አየር አላት። ይህ የእህቴ አሮጌ ሚኒባስ ሁላችንንም ቀብሮ ይመለሳል ማለት ነው።

ቀትር ላይ እህቴ ዙልሚራ ከገበያ ስትመለስ መሃል ያለው ኮረብታ ዳገት ላይ መኪናው ቀጥ አለ። ከነምድጃው፣ ከነዘይቱ፣ ገበያ ላይ እየጠበሰች ከምትሸጠው ሳምቡሳ መሰል ፓስቴል ከነተረፈው። የሸንኮራ ጭማቂ ሻጩ በመኪናው ጎትቶ አመጣላት። አየሩ ግን እንደወትሮው ነበር።

እሁድ፣ ጁላይ 7

ቫልዲር መረመረ። «ካርቡሬተሩ ነው።» እሱ ዘንድ ሌላ በሽታ የለም። አምና ጨጓራዬን ሲያመኝም ፊቱ ላይ ያየሁት ካርቡሬተር ነው።

ዙልሚራ ዱቄት በዱቄት ሆና ወጣች። «ስሙኝ ሁለታችሁም። በተከታታይ አራት ቅዳሜ ከቀረሁ የገበያው ኮሚቴ ቦታዬን ለሌላ ይሰጣል። ፋርማሲው ጥግ ነው፣ ልጆቼን ያሳደግኩበት! ያቺ አጠገቤ የምትሸጠው ኤዲሌኔ ካሁኑ በእርምጃ እየለካችው ነው።»

«ሳምንት አይፈጅም» አለ ቫልዲር።

«መታጠቢያ ቤቱንም ሳምንት ብለህ ነበር።»

ማክሰኞ፣ ጁላይ 9

ሞተሩን አወረድን። አንድ ክሪክ፣ አንድ ጣውላ፣ አንድ አሮጌ ጎማ፣ ሁለት ጡረተኛ። «ዝቅ! ዝቅ አድርገው ፕሮፌሰር! ኧረ ከፍ!» ይለኛል ቫልዲር። ሠላሳ ዓመት ሰዋስው ሳስተምር እንዲህ ያለ ትእዛዝ አርሜ አላውቅም።

ፈታነው። የሦስተኛው ሲሊንደር ፒስተን አናቱ ተበስቷል... አውራ ጣት ያስገባል። ካርቡሬተሩ ምንም አልሆነም። ቫልዲር ግን አጠበው።

ዓርብ፣ ጁላይ 12

ከአሮጌ መጻሕፍት ሱቅ የጥገና መጽሐፍ ገዛሁ። ጥሩ ልቦለድ ይወጣዋል። ገጸ ባሕርያቱ ብዙ ናቸው፣ የሚሞተው ግን ሁሌ ሦስተኛው ሲሊንደር ነው።

ሞተሩን የሚከቡ ቆርቆሮዎች አሉ ይላል። አየሩን ይዘው በሲሊንደሮቹ ላይ የሚያሳልፉት እነሱ ናቸው። ከሌሉ ሞተሩ የገዛ ትኩስ ትንፋሹን መልሶ ይስባል። ሄጄ አየሁ። አንድም የለም።

«ቫልዲር፣ ቆርቆሮዎቹ የት ሄዱ?»

«እነሱማ ከወጡ ቆዩ እኮ! ያወጣኋቸው እኔ ነኝ። አየር ያግኝ ብዬ ነዋ።»

«አየር እንዲያገኝ የሚያደርጉት እነሱ ናቸው።»

«ሰው ሲሞቀው ሸሚዙን ያወልቃል ፕሮፌሰር። ካፖርት ይደርባል?»

ወጥቼ መንገድ ላይ የሞተር ክዳን እያስከፈትኩ ሳይ... የሰፈሩ ኮምቢዎች ሁሉ ራቁታቸውን ናቸው። ሁሉም አንድ ምክር ሰምተዋል። ከማን እንደሆነ አልጠየቅኩም።

ቅዳሜ፣ ጁላይ 13

አንድ የቀረ ቅዳሜ። ዙልሚራ ቀኑን ሙሉ ድስት ስታጋጭ ዋለች። የበሰለ ነገር አልነበረም።

ሰኞ፣ ጁላይ 15

የቆርቆሮ ፍለጋ። አንዱ የስጋ መጥበሻው ከለላ ሆኗል። አንዱ ከልብስ ማጠቢያው ሥር ገብቶ እግሩን ያስተካክላል። ትልቁ የዶሮ ቤት ጣሪያ ነው።

«እሱን አትንኩት» አለ ቫልዲር። «ዶሮዋ ታቅፋለች።»

«እስክትፈለፍል እንጠብቅ?»

ዙልሚራ ከኋላችን መጥታ ቆርቆሮውን ነቅላ አነሳችው። ዶሮዋ ጮኸች። «አቤቱታ ካላት ለኮሚቴው ታመልክት!»

ቅዳሜ፣ ጁላይ 20

ሁለት። ኤዲሌኔ ፋርማሲው ጥግ ጃንጥላ ዘርግታ ታይታለች። ለፀሐይ ነው አለች አሉ። ደመና ነበር።

ረቡዕ፣ ጁላይ 24

አዲሶቹ ፒስተኖች ገቡ። ፋሻ የሚላቸውን ቀጫጭን የብረት ቀለበቶች አንድ በአንድ ያስገባው ቫልዲር ነው። እኔ መጽሐፉን ገልጬ ያዝኩለት፤ ይህም ሥራ ነው። ድንገት ቆመ።

«ቆርቆሮዎቹን ያወጣሁ ጊዜ ሙቀቱ የጉድ ነበር። ዙልሚራ ጠዋት ሙሉ ከዘይት አጠገብ ቆማ ውላ፣ መመለሻዋን እንኳ እንዳያስቸግራት ብዬ...»

ለዚህ የሚሆን ቀልድ ፈለግኩ። ብሎን አቀበልኩት።

ቅዳሜ፣ ጁላይ 27

ሦስት። ማንም ምሳ አልበላም።

ሐሙስ፣ ኦገስት 1

ሞተሩ ተነሳ! ሁለቴ አስሎ... ከዚያ ያ የታወቀው ድምፁ፣ ባዶ ቆርቆሮ ውስጥ ጠጠር ሲነቀነቅ እንደሚሰማው። በሕይወቴ የሰማሁት ምርጥ ድምፅ ነው ብል ያሳፍራል። ስለዚህ እዚህ ብቻ ጻፍኩት።

ቫልዲር እጁን ሳይታጠብ ወደ አጥሩ ሮጠ። ጎረቤቱን ጠርቶ፦ «የኮምቢ ሞተር ቆርቆሮ ብቻ ነው የሚፈልገው!»

ቅዳሜ፣ ኦገስት 3

መኪናው ኮረብታውን እንደ ወጣት ወጣው። ዙልሚራ ነዳች፣ እኛ ከኋላ ከዱቄቱ ጋር ሆነን ሞተሩን አዳመጥን። ኤዲሌኔ ጃንጥላዋን ከማጠፏ በፊት ሰማዩን አየች፣ ለይስሙላ።

ረፋድ ላይ ጫማው አቧራ ያልነካው ሰውዬ ከሳኦ ፓውሎ መጣ። ሁለት ፓስቴል በላ። መኪናውን ሦስቴ ዞረው።

«ይሸጣል?»

«የአይቡ ፓስቴል ነው የስጋው?» አለች ዙልሚራ።

«ኮምቢው።»

ቫልዲር ሳቀ። ዙልሚራ አልሳቀችም። እጇን በሽርጧ ጠረገች፣ ሰውዬውን ወደ ጥላው ወሰደችው። ዘይቱ ሳይበርድ ተስማሙ።

እሁድ፣ ኦገስት 11

ትናንት ዙልሚራ በኮምቢው ገንዘብ በገዛችው አዲስ ነጭ መኪና ገበያ ሄደች። ውሃ አለው፣ ራዲያተር አለው። በቁልፍ ይነሳል፤ ሌላ ታሪክ የለውም። ቦታዋ ላይ ናት፤ ከኮሚቴው ማንም ቀና ብሎ አላያትም።

ቫልዲር ሳምንቱን ሙሉ አኩርፏል። ዛሬ ምሳ ላይ፦ «ያንን ሞተር በእጃችን ሠርተን...»

«እጃችሁ ይባረክ» አለች። «እኔ ግን ቅዳሜ ጠዋት የምፈልገው ገበያ እንዲያደርሰኝ ነው።» ሩዙን ጨመረችለት፣ ስጋውንም። በላ።

ከሰዓት ኮምቢውን የገዛው ሰውዬ ደወለ። ሞተሩ እንዴት ነው አልኩት። አውጥቶታል። መኪናው በባትሪ እንዲሄድ እያሠራው ነው። ሞተሩን ከፈለጋችሁ ኑና ውሰዱት አለ።